ብሮሹሩን ያተምኩት እኔ ነኝ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናዘዝ። በደም የሚደረግ የካንሰር ምርመራ የገዛሁበት ላብራቶሪ ደንበኛዬ ነው። እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የተደረደረውን ባለ ሦስት እጥፍ ብሮሹር ያተምኩት እኔ ነኝ። 2,000 ቅጂ፣ 150 ግራም አርት ወረቀት፣ ሁለቱም ገጽ ባለ ቀለም። ሒሳቤን በጊዜው ከፍለውኛል። ስለዚህ ስማቸውን አልጠራም። ፒያሳ አካባቢ ናቸው ብል ይበቃል። የእንጀራ ነገር ነው፣ ተረዱኝ።

አራት ኪሎ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ብትሆን ነው። እሱ ዝሆን፣ እኔ ቁንጫ። የሠርግ ካርድ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የአርባ መታሰቢያ ፎቶ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ እኖራለሁ። ዕድሜዬ 38 ነው። ዕድሜዬን ያነሳሁት በምክንያት ነው።

የብሮሹሩ ረቂቅ መጀመሪያ ሲመጣ ርእሱ «አዲስ የደም ካንሰር ምርመራ» ይል ነበር። ለማርኬቲንጓ ልጅ ደወልኩላት። «እህቴ፣ የደም ካንሰር ሌላ በሽታ ነው። እናንተ የምትሉት በደም የሚደረግ የካንሰር ምርመራ አይደለም እንዴ?» ከት ብላ ሳቀች። አስተካከልነው። ውስጡ ያለውን ግን አልነካሁም። «በአንድ የደም ናሙና ብቻ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ገና ከጅምሩ ይወቁ! ለወጣቶችም!» ይላል። ባለ ሁለት ቃለ አጋኖ። እኔ የማርመው ፊደል ነው ብዬ አለፍኩት።

ብሮሹር ስታትም ሳትወድ በግድህ ታነበዋለህ። ፕሩፉን ታያለህ፣ ቀለሙን ታያለህ፣ እጥፉን ታያለህ። ሃያ ጊዜ ሳላነበው አልቀርም። በሃያ አንደኛው ራሴን አሰብኩ። አንድ አብሮ አደጌን በ36 ዓመቱ ቀብረነዋል። አንድ ዓመት ሙሉ «ኪንታሮት ነው» ሲባል፣ ቅባት ሲቀባ፣ ሙቅ ውኃ ላይ ሲቀመጥ ቆየ። ጥቁር አንበሳ ሲደርስ ካንሰሩ ጉበቱ ጋ ደርሶ ነበር። እኔም እንደሱ ሰገራዬ ላይ ደም አልፎ አልፎ አይ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ሰገራው የሚያወራ ሰው የት አለ?

እናም ገዛሁት። የጥቅሉ ዋጋ 7,400 ብር። «ለአንተማ እንቀንሳለን» አሉኝ፣ 6,900 አደረጉልኝ።

አገልግሎቱን ከልቤ አመሰግናለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቁርስ ሳልበላ፣ ከአራት ኪሎ በእግሬ ሄድኩ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ድሮ በዚያ ጠባብ አስፋልት ከታክሲ ጋር እየተጋፋህ ነበር ወደ ፒያሳ የምትዘልቀው። ገና በሩ ሲከፈት ስምንት ሰው ነበርን። ወረፋው በቁጥር ነው፤ «እኔ ነበርኩ ቀድሜ» የሚባል ጭቅጭቅ የለም። ሽንት ቤቱ ውኃ አለው። ሳሙናም አለው። በዚህ ከተማ ይህን አይቶ ሳይጽፍ የሚያልፍ ሰው ግፈኛ ነው። ደም የቀዳኝ ልጅ ገና ሃያ አምስት አይሞላውም፣ እጁ ግን ወርቅ ነው። የእኔ ደም ሥር ተደባቂ ነው፤ ሌላ ቦታ ሦስት አራት ጊዜ ይወጉኛል። እሱ በጣቱ ዳበስ አደረገና በአንዴ አገኘው። አራት ብልቃጥ ሞላ። ክፍያ በቴሌብር፣ ውጤት በቴሌግራም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ፤ ያኔ ሳይሆን በኋላ ነው የገባኝ። ስገባ ቅጽ ሞላሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ። «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?» የሚል ጥያቄም ነበረው፤ «ከብሮሹር» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ሰገራህ ላይ ደም አይተህ ታውቃለህ ወይ? ከቤተሰብ በዚህ በሽታ የታመመ አለ ወይ? ኪሎ ቀንሰሃል ወይ? የጠየቀኝ ሰውም፣ የጠየቀኝ ወረቀትም የለም።

ውጤቱ አራት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ኮከቡ ተቀምጧል፦ ሲኢኤ (ካንሰርን ይጠቁማል የተባለው የደም ፕሮቲን) 2.1፣ መደበኛው ከ5 በታች። አጠገቡ አረንጓዴ የ«ራይት» ምልክት። ከሥር «እንኳን ደስ አለዎ» ይላል። ደስ አለኝ ብቻ ሳይሆን እፎይ አልኩ። ከሠራተኞቼ ጋር ቁርጥ በላን፣ ከፋዩ እኔ።

ማታ ፋይሉን ለእህቴ ላክሁላት። ታናሼ ናት፣ ሐዋሳ ነርስ ነች። ለጉራ ነው የላክሁላት እንጂ ምክር ፈልጌ አይደለም። ከደቂቃዎች በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ።

«ጋሼ፣ ሲኢኤህን ተወው። ሦስተኛውን ገጽ አይተኸዋል?»

አላየሁትም። ሦስተኛው ገጽ ሲቢሲ ነው፤ ማንኛውም ሰፈር ክሊኒክ በጥቂት ብር የሚሠራልህ የደም ቆጠራ። ሄሞግሎቢን 10.8። አጠገቡ ቁልቁል የምታይ ትንሽ ጥቁር ቀስት አለች። ለወንድ ቢያንስ 13 መሆን አለበት፤ ደም ማነስ ማለት ነው። የቀይ ደም ሴሎቼ መጠንም ከልክ በታች ነው፣ እሱም ቀስት አለበት። እንደ አታሚ ልናገር፦ ሲኢኤው በ18 ነጥብ ደማቅ ፊደል ነው፣ ቀስቷ በ7 ነጥብ።

«ድካም ድካም ይልሃል?» አለች ስደውልላት።

«ጾም ነው ያደከመኝ» አልኳት። ፍልሰታን ጾሜያለሁ፣ ከዚያም ሥራ በዛብኝ። «ደግሞ ጤፍ የሚበላ ሰው አይረን ያንሰዋል እንዴ?»

«የጤፍን አይረን ተወው። ግማሹ አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው ይላሉ። ይልቅ ንገረኝ፤ አንተ የወር አበባ አታይ፣ አልወለድክ። ደሙ የት ሄደ?»

ዝም አልኩ። ከዚያ ስለ ደሙ ነገርኳት። በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ «አሜባ ነው» ተብዬ ቲኒዳዞል እንደወሰድኩም ነገርኳት። (ቲኒዳዞል ያልቀመሰ የአዲስ አበባ ሆድ ካለ እጁን ያውጣ።) አልጮኸችብኝም። የኔ እህት ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል። «ነገ የአንጀት ስፔሻሊስት ጋ ትሄዳለህ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ሄድኩ። ስታዲየም አካባቢ ያለ ሌላ ቦታ ነው። ዶክተሩ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አራት ገጹን ተቀበለና የመጀመሪያውን ሳያነብ ገለጠው። አንድ አታሚ ይህን ሲያይ ምን ይሰማዋል መሰላችሁ? ያ ሁሉ አረንጓዴ ቀለም!

ስለ ሲኢኤ የነገረኝን በራሴ አፍ ላስቀምጠው። ሲኢኤ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን የተባሉ ሐኪሞች ያገኙት ፕሮቲን ነው፤ ከእኔም ከላብራቶሪውም በዕድሜ ይበልጣል። ጥቅም አለው። ካንሰሩ የታወቀና በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው፣ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ለመከታተል በየጊዜው ይለካል። ጤነኛ የሚመስል ሰው መሐል በሽታ ለመፈለግ ግን አይመከርም። ገና ጅምር ላይ ያለ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን ከፍ አያደርገውም። በተቃራኒው ሲጋራ የሚያጨስ፣ ጉበቱን የታመመ ወይም አንጀቱ የተቆጣ ሰው ካንሰር ሳይኖርበት ሊጨምርበት ይችላል። ስለዚህ ዝቅ ሲል ነፃ ነህ ማለት አይደለም፣ ከፍ ሲልም ታመሃል ማለት አይደለም።

«ታዲያ ለምን ይሸጡታል?» አልኩት።

«አንተ ለምን ገዛኸው?» አለኝ።

ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት፣ ታዘዘልኝ። እዚህ ላይ ስለ ዝግጅቱ ዝርዝር ለማወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ፦ ካሜራው ቀላል ነው፣ ዋዜማው ነው ገደሉ። ከቀትር በኋላ ዱቄቱን በሊትር በሊትር ውኃ በጥብጠህ ትጠጣለህ። ጣዕሙ ሎሚ የነካው የባሕር ውኃ ነው። ባለቤቴ ከኋላ ሆና «በርታ፣ ግማሹ አልቋል» ትላለች፣ እንደ ሩጫ አሰልጣኝ። ከዚያ ሽንት ቤት። እንደገና ሽንት ቤት። የውኃ ፈረቃችን ማግስት ነበር፤ ሁለት ጀሪካን አስቀድማ ሞልታ አዘጋጅታ ነበር፣ እግዜር ይስጣት። ይህን ምክር ከየትኛውም ብሮሹር አታገኙትም፦ ውኃ በማይመጣበት ቀን ቀጠሮ አትያዙ።

በማግስቱ በማስታገሻ መርፌ ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ አለቀ። በግራ በኩል ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ፖሊፕ፣ አንጀት ግድግዳ ላይ የበቀለ ትርፍ ሥጋ፣ ተገኘ። ባለ ግንድ ነው፣ እንደ እንጉዳይ። እዚያው በካሜራው ቆርጠው አወጡት። የተቆረጠው ሥጋ ምርመራ (ፓቶሎጂ) ውጤት እስኪመጣ አሥር ቀን ቆየሁ። የእነዚያን አሥር ቀናት ሥራዬን ብታዩ፣ ለአንድ ሙሽራ የሠርግ ካርድ ላይ የሙሽራዋን አባት ስም አሳስቼ 300 ቅጂ አተምኩ። በኪሴ ደገምኩት። ውጤቱ አዴኖማ የሚባለው ነው፦ ካንሰር አይደለም፣ ቢተው ግን በዓመታት ውስጥ ወደዚያ ሊሄድ የሚችል። አይረኑን በኪኒን እየተካሁ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሼ እታያለሁ። ታላቅ ወንድሜም እንዲታይ ተነግሮታል። እሱ ግን እስካሁን «እኔ ደህና ነኝ» ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ደም ምርመራዎች ሳነብ አነጋ ነበር። ለነገሩ ሐሳቡ ራሱ ውሸት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሺልድ የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ የመድኃኒትና የምግብ ቁጥጥር ባለሥልጣናቸው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ላይ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ማጣሪያ ፈቅዶታል። ከሲኢኤ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ካንሰር ሴሎች ሲሞቱ የዲኤንኤ ቁርጥራጫቸውን ደም ውስጥ ይጥላሉ፤ መሣሪያው እሱን ፈልጎ ያነባል። በእኔ ሙያ ብነግራችሁ፣ ከማተሚያ ቤቱ የቆሻሻ ቅርጫት ብጥስጣሽ ወረቀት አንሥቶ ውስጥ ምን እየታተመ እንደሆነ እንደማወቅ ነው። ብልህነት ነው። ግን ቅርጫቱ ውስጥ የተጣለ ነገር መኖር አለበት።

ችግሩም ያው ነው። ምርመራው የተፈተነበት ትልቅ ጥናት ላይ ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች 83ቱን ለይቷል። ጥሩ ነው። ወደ ካንሰር ሊሄዱ የሚችሉትን ትልልቅ ፖሊፖች ግን የለየው 13 በመቶውን ብቻ ነው። የእኔ እንጉዳይ ከዚያ ጎራ ናት። ገና ደም ሥር ውስጥ ሰርጋ ስላልገባች ብጥስጣሽ ወረቀት አትጥልም። ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ከፍዬ ያንን ምርመራ ባሠራ እንኳ «እንኳን ደስ አለዎ» የመባል ዕድሌ ሰፊ ነበር። ደግሞም የተፈቀደው ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ምንም ምልክት ለሌላቸው ሰዎች ነው። እኔ 38 ነኝ፣ ምልክትም ነበረኝ። ከሁለቱም በር ውጪ ነኝ።

ለምን 45? አሜሪካኖቹ ራሳቸው ድሮ 50 ነበር የሚሉት፤ ወጣቶች ላይ እየበዛ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 45 አወረዱት። የፊልም ተዋናዩን ቻድዊክ ቦዝማን ታስታውሱታላችሁ፤ በዚሁ በሽታ በ43 ዓመቱ ነው የሞተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020። እኛም ጋ ቢሆን ይህ ካንሰር ከጡትና ከማኅጸን በር ካንሰር ቀጥሎ ስሙ ከሚጠሩት ውስጥ ነው። ታዲያ ለምን ወጣቱን ሁሉ በደም አንመረምርም? ሒሳቡን ሥሩት። እንበልና ከ1,000 ወጣት መሐል በሽታው ያለበት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ምርመራው ከ100 ጤነኛ 10ሩን በስሕተት «አለብህ» የሚል ከሆነ (የሺልድም ልክ እዚያው አካባቢ ነው) መቶ የሚሆን ሰው ያለ በሽታው ሊደነግጥ ነው፤ ሁለቱን ለማግኘት። መቶ ሰው ያንን ሎሚ የነካው የባሕር ውኃ በከንቱ ይጠጣል።

ወጣቶችን ታሳቢ ያደረገ ምርምርም አለ። ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ ጥቃቅን ሞለኪውሎች አሉ፤ አሜሪካ ካሊፎርኒያ በሚገኘው በሲቲ ኦፍ ሆፕ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 አራቱን አንድ ላይ በደም በመለካት ከ50 ዓመት በታች ያሉ ሕሙማንን ከጤነኞች ለመለየት እንደሚያገለግሉ አሳይተዋል። ተስፋ ነው። ጥቅል ውስጥ ገብቶ በቴሌግራም የሚላክ ነገር ግን አይደለም።

እኔን የገረመኝ ሌላው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው፣ እንደ ጥናት ምንም የሚያብለጨልጭ ነገር የለውም። ከ50 ዓመት በታች ሆነው የታመሙ ሰዎች በሽታቸው ከመታወቁ ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት በፊት ምን ይሰማቸው እንደነበር ወደ ኋላ ሄደው አዩ። አራት ነገር ጎልቶ ወጣ፦ የሆድ ሕመም፣ በፊንጢጣ መድማት፣ ተቅማጥ፣ እና በአይረን እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ። የመጨረሻው በደም ይታያል! ያቺ በ7 ነጥብ የታተመችው ቀስት ማለት ነች። የ6,900 ብር ጥቅሌ ውስጥ የእኔን ነገር የነገረኝ የደም ምርመራ ከሁሉ ርካሹ ነው፣ ላብራቶሪው ራሱ ግን አላነበበልኝም።

እዚህ አገር ደም ማነስን መንጠቆ ትልም ያመጣዋል፣ አመጋገብ ያመጣዋል፣ ጨጓራ ያመጣዋል። ሁሉም ደም ማነስ ካንሰር ነው እያልኩ አይደለም። ዶክተሩ መጀመሪያ ያደረገውም ሰገራዬን ለትል ማስመርመር ነበር። ግን ጠየቀ። ምልክት ለሌለው ሰው ደግሞ ሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም የሚፈልግ ቀላል ምርመራ አለ፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ፊት» (FIT) ይሉታል፣ በዓይን የማይታየውን የሰው ደም ይለያል። ዋጋው ከጥቅሉ ጋር አይወዳደርም። ብሮሹሩ ላይ ግን የለም፤ የሰገራ ዕቃ ፎቶ በአርት ወረቀት ላይ አያምር ይሆናል።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ፦ ለደም ቀጂው ልጅ አምስት። ለንጽሕናና ለፍጥነት አራት፤ አንዱን የቀነስኩት የመኪና ማቆሚያ ስለሌለ ነው፣ መኪና ባይኖረኝም። ለጥቅሉ ሁለት። ለብሮሹሩ ይዘት አንድ፣ ለኅትመቱ አምስት። ሲቢሲ፣ ስኳር፣ ኩላሊት ለማሠራት ዛሬም እዚያው ነው የምሄደው። ለካንሰር ጥቅሉ ግን ሰው አልልክም። አንድ ጓደኛዬ «እኔም ላሠራ እንዴ?» ሲለኝ፣ ጥቅሉን የሚገዛበትን ብር ይዞ መጀመሪያ ጥያቄ የሚጠይቅ ሐኪም ጋ እንዲሄድ ነግሬዋለሁ። «ምን ብሎ ነው የሚጠይቀኝ?» አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ ቀላ፣ ቡናውን አስቀመጠ።

ባለፈው ሳምንት የማርኬቲንጓ ልጅ ደወለች። ብሮሹሩ አልቋል፣ ሌላ 3,000 ይታተም አለች። ፋይሉን ከፈትኩና አንድ ገጽ አስተካክዬ ላክሁላት። «ገና ከጅምሩ ይወቁ» የሚለውን አወጣሁት። በቦታው «ደም ካዩ፣ ሆድዎን ካመመዎ፣ ያለ ምክንያት ከደከሙ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ» ብዬ አስገባሁ። የቅጹ ላይ «ከየት ሰሙ?» የሚለው አጠገብም ሦስት ጥያቄ ጨመርኩ፤ ለሌይአውቱ አላስከፈልኩም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰው ያስፈራል» አለችኝ።

«የሄሞግሎቢኗን ቀስትስ ትንሽ ብናተልቃት?»

«አለቃዬን ልጠይቅ» አለች። ወረቀቱ ገብቷል፣ ፕሌቱ አልተሠራም። እየጠበቅኩ ነው።